ምዕራፍ ስድስት፦ ከቁፋሮው በፊት

ሞላሌ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የመንዝ ማማ ምድር ከተማ ስትሆን፣ አዲስ አበባ መሀል፣ ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የቆመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ባለው መሬት ላይ 209 ሜትር ያህል ሽቅብ የወጣ ሕንፃ ነው። የኋለኞቹ ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ የሀገሪቱ ረጅሙ ሕንፃ ጫፍ፣ ሞላሌ ላይ በውድማው ዳር ከቆመ ገበሬ እግር ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። የሕንፃ ቁመት ግን ከባሕር ወለል አይለካም፤ የሚለካው ከደጃፉ ነው። ደጃፉ የት እንደሚሆን፣ በማን መሬት ላይ እንደሚከፈትና በማን ገንዘብ እንደሚሠራ የሚወስነው ጉዳይ ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ እጅግ ርቆ የሚጀምር ነው። ይህ ምዕራፍም የሚያተኩረው በግንባታው ሰባት ዓመታት ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ሕንፃው ሊታሰብ እንኳ ባልቻለባቸው ረጅም ዓመታት ላይ ነው።

ሰማይ ጠቀስ የሚለው ስም ስለ ቁመት ብቻ የሚናገር ይመስላል፤ በግንባታ ሙያ ግን ይህን ዓይነቱን ሕንፃ ከሌላው የሚለየው ክብደቱን የሚሸከምበት መንገድ ነው። ለዚህ የመንዝ የድንጋይ ቤት ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። በመንዝ ደጋ ግንበኛው ጭቃ እያላሰ የሚክበው ድንጋይ ግድግዳም ነው፣ ተሸካሚም ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ከላዩ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ ለታችኛው ያስተላልፋል፣ ካቡም የሚወፍረው ብርዱን ለመከላከል ብቻ ሳይሆን ይህን ሸክም ለመቻልም ነው። ቤቱ አንድ ደርብ ይጨመርበት ቢባል የታችኛው ካብ ከቀድሞው መወፈር ይኖርበታል፤ ሌላ ደርብ ቢጨመር ደግሞ ይበልጥ እየወፈረ ሄዶ በመጨረሻ የምድር ቤቱን ሰው የሚቀመጥበት ስፍራ ያሳጣዋል። የአሜሪካዋ ቺካጎ ከተማ ይህን ወሰን በተግባር አይታዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1891 የተጠናቀቀው ሞናድኖክ የተባለው ባለ 16 ፎቅ የጡብ ሕንፃ ከሥሩ 1.8 ሜትር ያህል የወፈረ ግድግዳ አስፈልጎታል።

ከዚህ ወሰን መውጫው በዚያችው ከተማ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተገኝቶ ነበር። ዊልያም ለባሮን ጄኒ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባስጨረሰው የሆም ኢንሹራንስ ሕንፃ ክብደቱ በአብዛኛው በግድግዳው ሳይሆን በብረት ምሰሶዎችና አግዳሚዎች እንዲወርድ በማድረጉ፣ ግድግዳ ከሸክም ተገላግሎ ንፋስና ዝናብ የሚከለክል ልብስ ወደ መሆን ተሸጋገረ። ይህ ሕንፃ 10 ፎቅ ብቻ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1931ም ፈርሷል፤ ነገር ግን የሰማይ ጠቀሶች ሁሉ የዘር ግንድ ከእርሱ ይቆጠራል። ሁለተኛው አስፈላጊ ነገር አሳንሰር፣ በተለምዶ ሊፍት የሚባለው ነው። ኤሊሻ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1854 ኒው ዮርክ ላይ ገመዱ ቢበጠስ እንኳ ሳጥኑን ባለበት ቀጥ የሚያደርግ ማገጃ በሕዝብ ፊት እስካሳየ ድረስ፣ ከአምስተኛ ፎቅ በላይ ያለ ክፍል ኪራዩ የረከሰ፣ ጉልበት ጨራሽ ስፍራ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዋጋው ተገለበጠና ከፍ ያለው ፎቅ ውድ ሆነ።

ስለዚህ አዲስ አበባ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰማይ ጠቀስ ያልነበራት ዘዴው ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም፤ ዘዴው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነበር። ኤምፓየር ስቴት የተባለው የኒው ዮርክ ሕንፃ 381 ሜትር ቁመት ይዞ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲጠናቀቅ ግንባታው የወሰደው አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። ይህ ፍጥነት የሠራተኞቹን ትጋት ብቻ የሚያሳይ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ይሆናል፤ ከበስተጀርባው ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች፣ መሬት የሚሸጥና የሚለወጥበት ገበያ፣ ብዙ ሚሊዮን የሚያበድሩ ባንኮች፣ ፎቁን ይከራያሉ ተብለው የሚጠበቁ ድርጅቶች ነበሩ። አዲስ አበባ እነዚህን አንድ በአንድ መጠበቅ ነበረባት፤ ከሁሉም የዘገየው ደግሞ ገንዘቡና መሬቱ ነው።

የገንዘቡ ታሪክ የሚጀምረው በ1898 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመ፣ በሀገሪቱ የባንክ ሥራ ብቸኛ መብት የተሰጠው ድርጅት ነበር። ገበያው በአሞሌ ጨውና በማርያ ትሬዛ ብር የሚገበያይ፣ ጥሪት በሣጥንና በማሰሮ፣ ከዚያም ይልቅ በከብትና በእህል ጉድጓድ የሚቀመጥበት ሀገር ስለነበረ፣ ባንኩ ከአራዳ ወጥቶ ወደ ደጋው ጓዳ አልደረሰም። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ አሰኘው፤ አምስት ዓመት ሳይቆይ ጣሊያን ገባና ይህም ተዘጋ። ከነፃነት በኋላ በአዋጅ የቆመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ኖት የማሳተምና ገንዘብ የመቆጣጠር የማዕከላዊ ባንክ ሥራ፣ እንዲሁም ከነጋዴ ተቀብሎ ለነጋዴ የማበደር የንግድ ባንክ ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠራ ነበር። እነዚህን ሁለት ሥራዎች የለየው የ1955 ዓ.ም. አዋጅ ሲሆን፣ በዚሁ መሠረት ብሔራዊ ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የተባሉ ሁለት ተቋማት ተፈጥረው በ1956 ዓ.ም. በየፊናቸው ሥራ ጀመሩ።

ሁለቱም ተቋማት ቤት ያስፈልጋቸው ስለነበር ሥራው ለፈረንሳዊው አርክቴክት ለሄንሪ ሾሜት ተሰጠ። ሾሜት ጣሊያኖች የጀመሩትን የሲኒማ ሕንፃ በ1948 ዓ.ም. መባቻ ለተከበረው የንግሥና ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አድርጎ ያጠናቀቀ ባለሙያ ነው፤ ዛሬ ብሔራዊ የሚባለው ቴአትር ማለት ነው። ከቴአትሩ ፊት ለፊት የቆመው፣ በሞሪስ ካልካ የተቀረጸው የድንጋይ አንበሳም ለዚያው በዓል የተሠራ ነው። ሾሜት ለንግድ ባንኩ ያወጣው ንድፍ ክብ ነበር። የክቡ ቅርጽ ከጎጆ ቤት ጋር ያለው ተመሳሳይነት ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ለዓይን ደስ የሚለው ንጽጽር ግን አንድ ነገር ይሸፍናል። ያ ሕንፃ የተሠራው ደንበኛ ገብቶ በመስኮት በኩል ከገንዘብ ያዡ ጋር ፊት ለፊት የሚተያይበት አዳራሽ ሆኖ ነው፤ በዚያ ዘመን የባንክ ክብሩ የሚታየው በአዳራሹ ስፋት እንጂ በፎቁ ብዛት አልነበረም። መላው ባንክ ማለት ይቻላል፣ በአንድ ክብ ውስጥ ይበቃ ነበር።

አካባቢውም የራሱ የቆየ ታሪክ አለው። ቁልቁል የሚታየው ለገሃር ስሙን ያገኘው በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በሌላው በኩል ያለው ሰንጋ ተራ ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው የሰንጋ መሸጫ ነበር። ዕቃ በባቡር የሚገባበት፣ ከብት ተነድቶ የሚደርስበትና ገንዘብ የሚቆጠርበት ስፍራ ጎን ለጎን መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። የኋለኛው የባንኮች ሰፈር ዘር የተዘራው ያኔ ነው።

ዘሩ ግን ሳይበቅል ብዙ ቆየ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችን ወረሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ንግድ ባንክ በዚህ ለውጥ በአንድ በኩል ተጠቀመ፤ በ1972 ዓ.ም. ከአዲስ ባንክ ጋር ተዋሕዶ በሀገሪቱ ብቸኛው የንግድ ባንክ በመሆኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተቀማጭ ወደ እርሱ የሚፈስስ ሆነ። ሕንፃን በሚመለከት ግን ሁለት ነገሮች ጠፉ። መሬት የማይሸጥና ዋጋ የማይወጣለት ሲሆን ሽቅብ የመሥራት ምክንያቱ ይጠፋል፤ ፎቅ መደርደር ትርጉም የሚኖረው ጠባብ ቦታ ውድ ሲሆን ነውና። ተወዳዳሪ የሌለው ባንክም ራሱን ከሩቅ ማሳየት አያስፈልገውም። የአዲስ አበባ ማእከል ለሁለት ዐሥርተ ዓመታት ያህል ቁመቱ ሳይለወጥ የቆየው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ነገር በጦርነቱና በድህነቱ ይመካኛል።

ሁለቱም ምክንያቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ተለወጡ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ መሬትን የመንግሥት እንደሆነ አቆይቶ የመጠቀም መብቱ ግን ለተወሰነ ዘመን በዋጋ እንዲተላለፍ አደረገ፤ ሊዝ ማለትም ይኸው ነው፣ ቦታውን ሳይሆን ዓመቱን መግዛት። ኋላ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ 99 ዓመት ሲፈቀድ በአዲስ አበባ ለንግድ የተወሰነው 60 ዓመት ነው። በስልሳ ዓመት ወጪውን መመለስ ያለበት ባለ ይዞታ በካሬ ሜትሩ ላይ ብዙ ፎቅ ለመደርደር መገደዱን ለመረዳት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። በዚያው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የግል ባንክ ማቋቋምን ፈቀደ፤ በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ተመሠረተ፤ ሌሎችም ተከተሉ። የመንግሥቱ ባንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረቤት አገኘ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚነገር አንድ ነገር መጥራት አለበት። ሞላሌ ወይም ሌላዋ የመንዝ ከተማ መሐል ሜዳ ላይ ያለ ቆጣቢ ደብተሩን ይዞ፣ በገንዘቡ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ተሠራበት ቢል በከፊል ብቻ ትክክል ነው። በባንክ ሒሳብ አያያዝ ተቀማጭ ገንዘብ የባንኩ ሀብት ሳይሆን ዕዳው ነው፤ ባለቤቱ በጠየቀ ሰዓት የሚመለስ በመሆኑ ለሰባት ዓመት ኮንክሪት ውስጥ ሊቀበር አይገባም። ለሕንፃና ለመሰል ቋሚ ንብረት የሚውለው ገንዘብ ከባንኩ ካፒታልና ከተጠራቀመ ትርፉ ሊመጣ ይገባል። ትርፉ ግን ከየት መጣ ቢባል፣ በአብዛኛው በተቀማጭ ላይ ከሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድና በብድር ላይ ከሚሰበሰበው ከፍ ያለ ወለድ መካከል ካለው ልዩነት ነው። ስለዚህ የመንዝ ቆጣቢ ድርሻ በፎቁ ውስጥ አለ፤ ያለው ግን በበጉና በባናው ሽያጭ ባጠራቀመው ብር መልክ ሳይሆን በወለዱ ልዩነት መልክ ነው። ባንኩ በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም.፣ ቅርንጫፎቹን ከጥቂት መቶዎች ወደ አንድ ሺህ ገደማ ሲያሳድግ ይህ ልዩነት በየወረዳው መሰብሰብ ጀመረ። የሾሜት ክብ አዳራሽ ለዚህ ሁሉ ቅርንጫፍ የሚበቃ ራስ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ሆነ።

ከተማዋ ረጅም ሕንፃ ማየት የጀመረችው ግን በሌላ በር ነው። በቻይና መንግሥት ስጦታ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት፣ ዓለም በቃኝ እየተባለ ይጠራ በነበረው የቀድሞ ወህኒ ቤት ግቢ ላይ ቆሞ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ማማው 99.9 ሜትር የሆነውም ኅብረቱን የወለደው የሲርት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ9/9/1999 የወጣበትን ቀን ለማስታወስ ነው። ያንን ሕንፃ የሠራው የቻይና መንግሥታዊ የግንባታ ኮርፖሬሽን፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሲኤስሲኢሲ፣ ኋላ የንግድ ባንኩንም ሥራ ይዞ መጣ። ንድፉ ግን የጀርመኑ የሄን አርክቴክቶች ነው፤ እነርሱም በፎልክስዋገን የድሬስደን የመስታወት ፋብሪካ ንድፍ የታወቁ ሲሆኑ፣ ቁፋሮ ከመጀመሩ ዓመታት ቀድሞ የባንኩን ሕንፃ በሦስት ማእዘን ገጾች እንደ ተጠረበ ዕንቁ አድርገው ነድፈውታል። ከማማው ሌላ የንግድ ማእከል፣ የስብሰባ አዳራሾችና የመኪና ማቆሚያ የግቢው አካል ሆኑ።

ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀመረ። አዲስ አበቤ ሕንፃን የሚቆጥረው ጂ ፕላስ እያለ ነው፤ ጂ ማለት የምድር ቤቱ ሲሆን ከርሱ በላይ ያለው በቁጥር ይጠራል፣ ጂ ፕላስ አራት እንዲሉ። ይህ ሕንፃ ከመሬት በታች አራት፣ የምድር ቤቱ አንድ፣ ከዚያ በላይ 48 ሆኖ በድምሩ 53 ፎቅ ነው፤ በአንዱ ጽሑፍ 48፣ በሌላው 49፣ በሦስተኛው 53 ተብሎ የሚገኘውም ከየት መቁጠር እንደተጀመረ ስለማይነገር ነው። ከመሬት በታች ያሉት አራቱ ለመኪና ማቆሚያና ለመሣሪያ ክፍል ይጠቅማሉ፤ ከዚህ ጥቅም የሚበልጠው ግን ሕንፃው ሥሩን በላላው አፈር ላይ ሳይሆን ጠንካራው መሬት ላይ እንዲያሳርፍ የሚያደርገው ጥልቁ ቁፋሮ ነው። አዲስ አበባ ላይ በብዙ ስፍራ ከላይ ያለው ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ስለሆነ በላዩ ተራ ቪላ የሠራ ሰው ሳይቀር የተሰነጠቀ ግድግዳ ያውቃል።

ከጥልቁ ተነሥቶ እስከ ጫፍ የሚወጣው የኮንክሪት ግንብ በሙያው ቋንቋ ኮር ይባላል። ነገሩን ለማስረዳት የጎጆ ቤት ምሰሶ ይቀርባል፤ መሀል ላይ ቆሞ የጣሪያው ወራጆች ሁሉ የሚደገፉበት እርሱ ነውና። ልዩነቱ የሰማይ ጠቀሱ ምሰሶ ውስጡ ባዶ መሆኑ ነው፤ በዚያ ባዶ ውስጥ ሊፍቶቹ ይሮጣሉ፣ ደረጃው ይዞራል፣ የውኃና የኤሌክትሪክ መስመር ይወጣል፣ መፀዳጃ ቤቶቹ ይደረደራሉ። የእያንዳንዱ ፎቅ ወለል፣ ግንበኛው ሶሌታ የሚለው፣ በአንድ ወገን በዚህ ምሰሶ ላይ፣ በሌላው ወገን ዙሪያውን ባሉት ኮለኖች ላይ ያርፋል። አርማታ፣ ፌሮ፣ ሶሌታ የሚሉት የሙያው ቃላት ከጣሊያንኛ የተወረሱ መሆናቸው ግንባታ እንደ ሙያ ለኢትዮጵያ ከተሞች በየትኛው ዘመንና በማን እጅ እንደተላለፈ ይመሰክራል።

በአዲስ አበባ አራትና አምስት ፎቅ ሲሠራ ያየ ሰው የሚያውቀው የባሕር ዛፍ አጣናውን ነው፤ ቀጫጭን ግንዶች በሚስማርና በሲባጎ ተያይዘው ሕንፃውን ይከብቡታል፣ ሠራተኛው በእነርሱ ላይ እየተሸጋገረ አርማታውን በገንዳ ይቀባበላል። ይህ ዘዴ ከ15 እና 20 ሜትር በላይ እያደር አደገኛና አዝጋሚ ይሆናል፤ 209 ሜትር ላይ ደግሞ የማይታሰብ ነው። በዚያ ከፍታ ኮንክሪቱን ቅርጽ የሚያስይዘው የብረት ሣጥን ራሱ በሞተር ይወጣል፤ አንዱ ደረጃ ሲጠነክር ራሱን ከእርሱ አላቅቆ በላዩ ይሳፈራል፣ ኮንክሪቱም በቧንቧ ተገፍቶ ይደርስበታል። ሕንፃው በተሠራባቸው ዓመታት በለገሃር በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ምሰሶው ከወለሎቹ ቀድሞ ብቻውን ሲሮጥ ያየው በዚህ ምክንያት ነበር።

መሬቱ ራሱ የማይረጋ መሆኑ ሌላ ሒሳብ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ብዙ አትርቅም፤ የመንዝ ደጋም በምሥራቅ በኩል በዚያው ሸለቆ ላይ የሚቆም ገደል ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከዚያ ገደል ግርጌ የደረሰው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የመጀቴን ከተማ አፈራርሷታል፤ የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋመው ፒየር ጉዋን ከጊዜ በኋላ ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በጻፈው መጽሐፍ ካሰፈራቸው ዐበይት ክስተቶች አንዱ ይኸው ነው። በመጀቴ የፈረሱት ቤቶች የሚያስተምሩት ነገር አለ። ድንጋይና ጭቃ መጫንን በሚገባ ይችላል፤ መሳብን ግን አይችልም፤ መሬቱ ወደ ጎን ሲነቃነቅ ካቡ ተላቅቆ ይበተናል። ፌሮ በኮንክሪት ውስጥ የሚቀበረው ይህን መሳብ እንዲሸከም ነው። ረጅም ሕንፃ ደግሞ ከአጭሩ በተለየ ዘግየት ብሎ ስለሚወዛወዝ ከፈጣኑ ንዝረት ይልቅ ከሩቅ የሚመጣው ዘገምተኛ ማዕበል ይነካዋል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ላይ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠው ፎቅ ላይ ያሉ ሰዎችን የሆነውም ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ክፍሉ ከቀድሞው የጠበቀ ሆኗል።

የሕንፃውን ዋጋ በሚመለከት በምረቃው ጊዜ የተነገረው ቁጥር 303.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው። ግንባታው ሲጀመር አንድ ዶላር ወደ 20 ብር ይመነዘር ነበር፤ ሲመረቅ ወደ 50 ብር ደርሷል፤ በመሀሉም በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በአንድ ጊዜ በ15 ከመቶ እንዲቀንስ ተደርጓል። ያው የዶላር ቁጥር በመጀመሪያው ምንዛሪ ሲሰላ ስድስት ቢሊዮን ብር ገደማ፣ በመጨረሻው ሲሰላ ከ15 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ይህ የተከፈለው ሒሳብ ሳይሆን የሁለት ምንዛሪዎች ንጽጽር ነው፤ ሆኖም መስታወቱን፣ ሊፍቱንና ማሽኑን ከውጭ በሚያመጣ ሀገር ውስጥ ለሚዘገይ ግንባታ እያንዳንዱ ዓመት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል። ሲሚንቶው የሀገር ውስጥ ነው ቢባል እንኳ፣ ከውጭ የሚመጣው የሕንፃው ክፍል ሁሉ በዶላር የሚገዛ ነው።

የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሲመርቁት ሕንፃው በምሥራቅ አፍሪካ ረጅሙ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ስፍራውን የያዘው 200 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የናይሮቢው ብሪታም ታወር ነው። በአፍሪካ ደረጃ ግን የሚበልጡት አሉ። የጆሃንስበርጉ ካርልተን ሴንተር 223 ሜትር ሆኖ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር፤ ግብፅ በአዲሱ የአስተዳደር ከተማዋ የሠራችው ማማም ወደ 394 ሜትር ይደርሳል። የጎረቤቶቹ ነገር የበለጠ ትኩረት ይስባል። ሕብረት፣ ዘመን፣ ንብና ሌሎችም የግል ባንኮች በሰንጋ ተራና በዙሪያው ረጃጅም ቤቶቻቸውን አቁመዋል፤ ወጋገን በስታዲየሙ በኩል ነው። ባንኮቹ አንድ ላይ መሰብሰባቸው ለቼክ መለዋወጥም ለመተያየትም ያመቻቸዋል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ለመናገር ግን አንዱ ከሌላው በጥቂት ፎቅ ከፍ ለማለት ያደረገውን ጥረት ማየት ይበቃል። ይህ ሰፈር ባዶ ሜዳ እንዳልነበረ መጻፍም ተገቢ ነው። በሰንጋ ተራ ተጣብቀው ይኖሩ የነበሩት ቤተሰቦች ቦታው ለልማት ሲፈለግ ተነሥተው ከማእከል ርቀው ወደሚገኙ ኮንዶሚኒየሞች ሄደዋል፤ እድር የተሠራበት፣ ጉልት የተዘረጋበት ጉርብትና በዚህ ሒሳብ ውስጥ በብር አልተመነዘረም፣ በዶላርም አልተመነዘረም።

የተሠራው ሕንፃ ሲወራለት ያልተሠሩትን መርሳት ቀላል ነው። ምድር ገና ያልተነካለት ባለ 99 ፎቅ ማማ በአንድ ወቅት በቻይና ባለሀብቶች ስም ለአዲስ አበባ ታቅዶ ነበር፤ በዜና ታወጀ፣ ሥዕሉ ታየ፣ ከዚያ ወዲያ አልተሠራም። ከንግድ ባንኩ ጋር ሲነጻጸር የሚጎድለው ሥዕል አልነበረም። የጎደሉት የተወሰነ ይዞታ፣ በዐሥርተ ዓመታት ውስጥ የተጠራቀመ የባንክ ትርፍ፣ የራሱን ፎቅ ራሱ የሚሞላ ተከራይ ናቸው። ንግድ ባንክ ሕንፃውን ለማከራየት ብቻ አልሠራውም፤ በመላ ሀገሪቱ ከ1,800 በላይ ቅርንጫፎችን የሚመራ የሰው ኃይል ስላለው ገና ሳይጠናቀቅ ግማሹ የተያዘ ያህል ነበር። በዚህ ረገድ ከኤምፓየር ስቴት ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ያ ሕንፃ በኢኮኖሚው ውድቀት ዘመን ተከፍቶ ለዓመታት ብዙ ፎቁ ባዶውን ነበር።

አሁን የቀረው ሥራ ጥገናው ነው። የመንዝ ገበሬ ቤቱን የሚከድንበትን የጓሳ ሣር ቀድሞ ያገኝ የነበረው ቀሮ በሚባለው የጋራ ሣር መጠበቂያ ሥርዓት ለዓመታት ተዘግቶ፣ በቀኑ ይከፈት ከነበረው የጋራ ሜዳ ነው፤ ክዳኑ ሲሳሳ ጎረቤት ተጠርቶ፣ አሮጌው ወርዶ ለከብት ጉዝጓዝ ሆኖ፣ አዲሱ በአንድ ቀን ይለበሳል። የማማው መስታወት ግን በልኩ የተቆረጠ ስለሆነ አንዱ ቢሰበር ምትኩ በዚያው ልክ መታዘዝ አለበት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሊፍቱን የሚያሠራው ጄነሬተር ነዳጅ ይበላል፤ ውኃውም በአንድ ግፊት ጫፍ ድረስ ስለማይደርስ በየደረጃው ከተቀመጠ ታንከር ወደ ሌላው ታንከር እየተገፋ ይወጣል። በጥር የአዲስ አበባ አቧራ ገጹን ይለብሰዋል፣ በሐምሌ ዝናቡ በከፊል ያጥበዋል፤ የቀረውን የሚያጥቡት ከላይ በገመድ የወረዱ ሠራተኞች ናቸው፣ አንድ ዙር ጨርሰው ምድር ሲደርሱም የጀመሩት ገጽ ዳግመኛ አቧራ መልበስ ጀምሮ ይጠብቃቸዋል።